ሞርፉድ የኤሊስን በር ያስከፈተችበት ማታ

ያን ዓመት ብርዱ ቀድሞ ነው የገባው። ከጥቅምት ጀምሮ የተራራው አናት ነጭ ሆኖ፣ የከሰሉ ጭስ ወደ ላይ መውጣት አቅቶት በየጣሪያው ላይ ተኝቶ ይውል ነበር። ሰው ሲናገር አፉ እንደ ማንቆርቆሪያ ይጨሳል። ከከሰል ጉድጓድ የሚወጡት ወንዶች ቤታቸው ሳይደርሱ ላባቸው ፊታቸው ላይ ይደርቃል። በእኛ ሸለቆ ስለዚያ ዓመት ሲነሳ ሁሉም ብርዱን ነው የሚያወራው። ሞርፉድ ግን አልበረዳትም። እሷ ሆዷ ውስጥ እሳት ይዛ ነበር።

እሳቱን የለኮሰው ኤሊስ ባለሱቁ ነው። ሞርፉድ የሟቹ የሆፕኪን ልጅ ናት፤ አባቷ ጉድጓድ ተንዶበት ከሞተ በኋላ ከእናቷ ጋር ብቻዋን ቀረች። ድምፅዋ ወፍራም፣ ያማረ ስለነበር በጸሎት ቤቱ መዘምራን መሐል ከፊት ነበር የምትቆመው። የኤሊስ ልጅ ኤምሪስ አገባሻለሁ አላት፤ አመነችው፤ አረገዘች። ኤሊስ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ነበርና ምእመኑን ሰብስቦ መሐል ላይ አቆማት።

«የማን ነው?» አላት።

«የኤምሪስ ነው» አለች።

«ውሸታም!» ብሎ ጮኸባት። ኤምሪስ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የመዝሙር መጽሐፉን ያገላብጥ ነበር፤ ቀናም አላለ። ኤሊስ ከማኅበሩ ትወገድ የሚል እጁን ያውጣ አለ፤ አብረዋት የዘመሩት ሁሉ እጃቸውን አወጡ። ሞርፉድ ባርኔጣዋን አስተካክላ በመሐላቸው አልፋ ወጣች።

ይህን እንኳ ትችለው ነበር። ልጅቷ ተወለደች፤ ኔስት አለቻት። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የሞርፉድ እናት ሞተች። በእኛ አገር ሰው ያለ መዝሙር አይቀበርም። የወንዶቹ ድምፅ ሬሳውን ተከትሎ ዳገቱን ካልወጣ፣ ሰው ሳይሆን ዕቃ የተቀበረ ነው የሚመስለው። ኤሊስ ለተወገደች ሴት እናት መዘምራን አይወጡም አለ። ሬሳውን የተሸከሙት የአባቷ ጓደኛ ዮርወርዝና ሦስት ከሰል ቆፋሪዎች ነበሩ። ከቤት እስከ መቃብር የተሰማው የቦት ጫማ ድምፅ ብቻ ነው። ያን ቀን ሞርፉድ አላለቀሰችም። ይህን ሰው በራሱ ቤት፣ በሰው ፊት አፉን አስዘጋዋለሁ አለች።

እንዴት እንደምታደርገው ያወቀችው ገና ሲቃረብ ነው። የገና ሰሞን ወንዶች የፈረስ ራስ ቅል በእንጨት ላይ ሰክተው፣ ነጭ አንሶላ አልብሰው፣ በሪባን አስጊጠው በየደጁ ይዞራሉ። ከአንሶላው ስር ያለው ሰው ገመድ ሲስብ የፈረሷ መንጋጋ ቀጭ ቀጭ ይላል። ውጭ ያሉት በግጥም ይሳደባሉ፣ ውስጥ ያለው በግጥም ይመልሳል። በዚያ ማታ የተባለ ነገር ቂም አይያዝበትም። መልስ ያጣ ባለቤት ግን በሩን ከፍቶ ማብላትና ማጠጣት ግዴታው ነው። ኤሊስ በግጥም የሚኮራ ሰው ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ሻይ እየመዘነ ሳይቀር ይገጥማል። በሩን ማንም አስከፍቶት አያውቅም።

ሞርፉድ በየገናው ከደጅ ሆኖ የሚገጥመው ዮርወርዝ ቤት ሄደች። «አጎቴ፣ ዘንድሮ ፈረሷን እኔ ልሸከም።»

«አብደሻል? ሴት ተሸክማ አታውቅም።»

«ፈረሷስ ሴት አይደለችም እንዴ?»

ዮርወርዝ ሳቀ፤ ሲስቅ ደረቱ ውስጥ ያለው የከሰል ብናኝ ያስለዋል። «ደግሞ ምን ልትሠሪ ነው?»

«ግጥም ሲያልቅብህ እኔ አቀብልሃለሁ። ያቀበልኩህን ሳትለውጥ ትለዋለህ። እናቴን ስለተሸከምክ ነው አንተን የምለምነው።»

ዮርወርዝ እሳቱን ቆሰቆሰ። ከዚያ «አንሶላው ይረዝምብሻል፣ ጫፉን ስፊው» አላት።

ኤሊስ ደጅ የደረሱት ሰው እራት በልቶ ሳይነሳ ነው። ሰፈሩ ሁሉ መብራት ይዞ ተከትሏቸዋል። ያ እጅ ያወጣ ሕዝብ ማለት ነው። ዮርወርዝ ጀመረ፤

«እኛ መጥተናል ከብርድ ከውርጭ፣
ክፈቱልን በሩን፣ አንቅር በውጭ።»

ኤሊስ ከውስጥ ጊዜም አልፈጀ፤

«ጥርሷን ያገጠጠች ይህች አሮጌ ፈረስ፣
ትሂድ ሳሯን ትጋጥ፣ ከደጄ አትድረስ።»

ሰዉ አጨበጨበ። ዮርወርዝ ጉሮሮውን ጠረገ፤

«ኤሊስ ባለሱቁ ሚዛኑ ጋ ሲቆም፣
ጣቱን ከስኳሩ ላይ አንስቶ አያውቅም።»

«እውነት ነው!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ፤ ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። ኤሊስም እየሳቀ መለሰ፤

«ከውጭ የሚጮኸው፣ ጉሮሮው የሻከረ፣
ትናንት ከመጠጥ ቤት ወጥቶ ቦይ ያደረ።»

እንዲህ እያሉ ብዙ ተመላለሱ። ዮርወርዝ መድከም ሲጀምር ከአንሶላው ስር ሹክሹክታ መጣ። ሰማና ፊቱ ተለወጠ።

«ይህንንስ አልልም» አለ ቀስ ብሎ።

«በል፣ አጎቴ።»

«ልጄ፣ ከዚህ በኋላ መመለሻ የለውም።»

«መመለስ የፈለገ ማነው? በል!»

ዮርወርዝ ባርኔጣውን አወለቀና አለው፤

«አንዲቷን ልጃገረድ አስወጣሃት ፈርደህ፣
የልጇን አባት ግን ከጓዳህ ደብቀህ።»

የሚስቅ ጠፋ። ሞርፉድ ገመዱን ሳበች፤ መንጋጋው ቀጭ አለ። ሌላ አቀበለችው፤

«ያቺ የሞርፉድ ልጅ አገጯ የማን ነው?
ኤሊስ ሆይ መልስልን፣ የልጅ ልጅህ ማነው?»

ከበሩ ጀርባ የሚስቱ የግላዲስ ድምፅ ተሰማ። «መልስለት እንጂ፣ ኤሊስ። ውሸት ነው በለው። ለእኔ ውሸት ነው ብለኸኝ የለም?»

ኤሊስ ለሁሉ ነገር ግጥም የነበረው ሰው፣ አንዲት ቃል አጣ። ሰዉ እግሩን ከበረዶው ላይ ሳያነሳ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ መቀርቀሪያው ተሳበ። የሳበችው ግላዲስ ናት፤ ፊቷ እንደ አንሶላው ነጥቷል። «ተሸንፈናል» አለች፣ «ግቡ።»

ፈረሷ ቀድማ ገባች። ሞርፉድ ምድጃው ፊት ስትደርስ የራስ ቅሉን አውርዳ አንሶላውን ገፈፈች። ኤምሪስ ገና ሲያያት በጓዳ በር ወጥቶ ሄደ።

«ተሸናፊ ይቀዳል» አለች ለኤሊስ። «ቅዳልኝ።»

ቀዳላት። ብርጭቆው ሞልቶ ቢራው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«ኬኩንም። በእጅህ።»

ኬኩንም ሰጣት። ቆማ፣ ቀስ ብላ፣ ፍርፋሪውን ሳይቀር በላች። ቤቱን ያጨቀው ሰው ሁሉ እሷን ያያል።

«ይቅር በይኝ፣ ሞርፉድ» አለ ኤሊስ አንገቱን ደፍቶ።

«ጮክ በል። ስታስወጣኝ ድምፅህ እስከ መንገድ ይሰማ ነበር።»

«ይቅር በይኝ!»

«አልልህም» አለችና አፏን ጠርጋ ወጣች።

በዚያው ሳምንት ኤምሪስ ወደ ካርዲፍ ከተማ ሄዶ በዚያው ቀረ። ኤሊስ ከሽማግሌነት ወረደ። የቀሩት ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ሞርፉድ ደጅ መጡ፤ ተመለሽ፣ ድምፅሽ ጎድሎብናል አሏት። «እናቴን ቀስቅሱና ዘምሩላት፤ ያኔ እመለሳለሁ» ብላ በሩን ዘጋችባቸው። ከዚያ ወዲያ ስትዘፍን የሰማት የለም። አንዳንዴ ሳስበው የሚቆጨኝ እሱ ነው፤ እንደሷ ያለ ድምፅ ሸለቆው ደግሞ አላፈራም።

ግላዲስን ግን አልነካቻትም። ሴትየዋ በየቅዳሜው ለኔስት የሹራብ ልብስ ይዛ ትመጣለች፣ ሞርፉድም በሩን ትከፍትላታለች። የኤሊስን ሱቅ ግን ረግጣ አታውቅም፤ ለአንድ እሽግ ሻይ ተራራውን ተሻግራ ማይስቴግ ከተማ ትወርድ ነበር። ኤሊስ ሲሞት ሬሳው በመንገዱ ሲያልፍ፣ እንደ ወጉ የየቤቱ መጋረጃ ሁሉ ተዘጋ። የሷ ብቻ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ መስኮቱ ላይ ቆማ ሻይዋን ትጠጣ ነበር። ያዩዋት ሰዎች አኩርፈው ለወራት አላናገሯትም፤ እሷም የጎደለባት ነገር የነበረ አይመስልም።

ኔስት አድጋ ስዋንሲ ውስጥ አስተማሪ ሆነች። ሞርፉድ እግሯ እንቢ ሲላት ቤቷን ሸጣ ሄደች። መጨረሻ የሰማሁት፣ ፖርትካውል ባሕሩ ዳር ባለ የአረጋውያን ማረፊያ፣ ፎቅ ላይ፣ በባሕሩ በኩል ባለ ክፍል ውስጥ እንደምትኖር ነው።