ቁንዶ በርበሬ ፍለጋ

በኮሮና ጊዜ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር ውስጥ የልጆችን የቤት ሥራ የሚሠሩት አያቶች ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ በዙሉ ቋንቋ ጎጎ፣ አያቴ፣ የሚላቸው አንዲት አሮጊት ደንበኛዬ አንድ ጠዋት ዳቦ ሊገዙ መጥተው ዘራፊ ፈርቼ ሱቄን ባጠርኩበት የብረት ፍርግርግ በኩል ጠየቁኝ።

«አውሮፓውያን በባሕር ዓለምን ማሰስ የጀመሩት ለምንድን ነው? የልጅ ልጄ ተጠይቃ፣ እኔ ለእውቀት ፍቅር ነው አልኳት።»

ሳቄ መጣ። ለእውቀት ፍቅር ብሎ ማዕበል ውስጥ የሚገባ ነጋዴ በሕይወቴ አላየሁም።

«ቁንዶ በርበሬ ፈልገው ነው» አልኳቸው። «ከህንድ ተነስቶ ነጋዴ ከነጋዴ እየተቀባበለው እነሱ ዘንድ ሲደርስ ዋጋው እሳት ሆነባቸው። ወርቅም ሃይማኖትም አለበት፤ ጎትቶ ያወጣቸው ግን ገበያ ነው። በመሃል ያሉትን ዘለው ከምንጩ ሊገዙ አፍሪካን ዞሩ። እኛስ ባለፈው ሳምንት ዱቄት ሲወደድ ምን አደረግን? ባለሱቆች ተሰባስበን፣ አንድ የጭነት መኪና ተከራይተን፣ አከፋፋዩን አልፈን በቀጥታ ፋብሪካው ሄድን።»

ጎጎ ዳቧቸውን በፍርግርጉ ቀዳዳ ተቀበሉ።

«እነሱም መጀመሪያ ልንገበያይ ነው የመጣነው ብለው ነበር» አሉኝ። «መጥተው ግን አልተመለሱም። አንተስ ልጄ፣ መቼ ነው ወደ አገርህ የምትመለሰው?»

ማስኬን ዝቅ አደረግሁ።

«ጎጎ፣ እነሱ መድፍ ይዘው ነው የመጡት። እኔን ይዩኝ እስቲ፤ ከፍርግርጉ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ።»