ጤነኛው ወንድም

በምርምር ክፍሉ ምራቅ የምትሰበስበው ነርስ ሰውየው ገና ሲገባ ትኩር ብላ አየችው። ምራቁን የዋጠ ሰው መሆኑ ከአረማመዱ ያስታውቃል፤ የተጠራው ግን እንዲተፋ ነው። ሁለት ታናናሾቹ አፋቸው እየቆሰለ፣ አንጀታቸው እየደማ አልጋ ይዘዋል። ተመራማሪዎቹ በሽታው በዘር እንዴት እንደሚወርድ ለማወቅ የእነሱን ምራቅ ከጤነኛው ወንድማቸው ምራቅ ጋር ሊያስተያዩ ነው።

«እሱ እንኳን ድንጋይ ቢበላ ይፈጭለታል፤ እግዜር እሱን ተወልኝ» ይላሉ እናትየው፣ ኮሪደሩ ላይ ለተቀመጠው ሁሉ።

ሸሚዙ በወጉ ተተኩሷል። ቀበቶው ግን በሚስማር የተበሱ አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉት፤ ሲናገርም ከንፈሩን እምብዛም አያላቅቅም። ብልቃጡን ተቀብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሲመልስላት ምራቁ ደም ቀላቅሏል።

«ብሩሹ ነው» አለ ቶሎ ብሎ።

«እስኪ አፍህን ክፈትልኝ፣ ወንድሜ።»

ዓይኑ ክፍቱ በር ላይ ቀረ። «ለሐኪሞቹ ያየሽውን ንገሪያቸው፣ እህቴ። እሷ ግን ከእኔ በቀር ጤነኛ ልጅ የላትም። አትስማ።»

«ልጄ፣ ጨረስክ እንዴ?» አሉ እናትየው ከውጭ።

«መጣሁ፣ እማዬ» አለ፤ ድምፁ የደህና ሰው ነበር።

ነርሷ ተነስታ በሩን ዘጋች። ያኔ አፉን ከፈተ።