መጀመሪያ የዘጋሁት በር

የጸሐፊነት መደቤ ሲታጠፍ ሁለት መንገድ ተሰጠኝ። በኮምፒውተር ኔትወርክ ሠልጥኜ የብቃት ምዘናውን ካለፍኩ እዚሁ ሶዶ እቀራለሁ። ካላለፍኩ ቢጠና ወደምትባል ከተማ እመደባለሁ። ቢጠና ክፉ አገር አይደለም። ግን ገና የምትጠባ ልጅ ነበረችኝ፤ ባለቤቴም የሚሠራው በዴሳ ከተማ ነው። እኔ ቢጠና ከሄድኩ አንድ ቤት ሦስት ቦታ ሊሆን ነው።

ስለዚህ በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ ሆንኩ።

የሥልጠናው ክፍል መስኮቶች ብረት አላቸው። አቧራ እንዳይገባ ተብሎ በሩም ይዘጋል። የማሽኖቹ ማራገቢያ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ ሙቀቱ ግን ከእነሱው ነው የሚወጣው። አብረውኝ የሚሠለጥኑት ልጆች የመጀመሪያ ልጄን ያህላሉ። «ማዘር» ይሉኛል።

«ማዘር፣ ዛሬም ምሳ አልያዙልንም?»

«በምሳ ሰዓትም ላጠና ነው» እላቸዋለሁ።

አሠልጣኛችን የጉኑኖ ልጅ ናት። ኔትወርክን በሰፈር መስላ አስተማረችን። ማሽን ሁሉ እንደ ቤት የራሱ አድራሻ አለው፤ ራውተር የሚባለው መሣሪያ መንገድ መገናኛ ላይ ቆሞ መልእክቱን ወደየአድራሻው ይመራል። የደህንነቱ ትምህርት ደግሞ ማን ይለፍ፣ ማን ይከልከል የሚለው ነው። ይኼን ስሰማ ቀለለኝ። በር መጠበቅን ከቤቴ የማውቀው መሰለኝ።

የምኖረው ከባለቤቴ እናት ጋር ነው። እማማ እላቸዋለሁ። በእሳቸው ግቢ ጀንበር ስትጠልቅ መጀመሪያ በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የመጣ፣ የቤት ልጅም ቢሆን፣ ውጭ ቆሞ ይጣራል። ድምፁ ሲታወቅ ይከፈትለታል። አንድ ቀን ከማኅበር ስመለስ ዝናብ ያዘኝ።

«ማን ነው?» አሉ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።»

«የልጅዎ ሚስት ነኝ እማማ! በሰበስኩ እኮ!»

«እንዲህ ብለሽ አትናገሪም ታዲያ?» አሉና ከፈቱልኝ።

አሠልጣኟ ግን አስጠንቅቃን ነበር። «ራውተሩ ትእዛዛችሁን ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው። የሚመለከተውን ካገኘ ከታች ያለውን አያይም። የምታስገቡትን መጀመሪያ ጻፉ፤ መዝጋት መጨረሻ ነው።» ሰማሁ። ጆሮዬ ሰማ እንጂ እጄ አልሰማም።

የምዘናው ቀን ረቡዕ ነበር። መዛኙ ከሌላ ከተማ የመጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። «ከክፍሉ የወጣ አይመለስም» አሉ። ራውተሮቹ በክፍሉ ጥግ፣ በተቆለፈ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተደርድረዋል። ሁላችንም የየራሳችንን ከተቀመጥንበት፣ በኔትወርኩ በኩል ነው የምናዘው። የሳጥኑን ቁልፍ ኪሳቸው ከተቱና «ይኼን የጠየቀ ሥራውን አልቻለም ማለት ነው» አሉ።

ሥራው ሁለት ነበር። መጀመሪያ ሁለት ቢሮዎችን ማገናኘት። ሠራሁት፤ ሞከርኩት፤ ራውተሩ እንዳይረሳው አስቀመጥኩት። ቀጥሎ የእኔ ማሽንና አንድ ሌላ ማሽን ብቻ እንዲያልፉ ፈቅጄ የቀረውን መከልከል።

ምዘናው አርፍዶ ስለተጀመረ የምሳ ሰዓት ደረሰብን። እማማ ልጄን ይዘው በር ላይ እንዲጠብቁኝ ተነጋግረን ነበር። ጡቴ ሞልቶ ደረቴን ወጠረኝ። ልቤ ወደ በሩ ሄደ፤ እጄ ግን ይጽፋል። በእማማ ግቢ እንደለመደው መጀመሪያ «ሁሉንም ከልክል» ብሎ ጻፈ። የሚያልፉትን ከታች አስከትዬ ልጽፍ ነው።

የማሽኔ ማያ ወዲያው ደረቀ።

ቁልፎቹን ነካካሁ። ምንም። ራውተሩ «ሁሉንም» ያልኩትን ሁሉንም ብሎ ተረድቶታል፤ እኔም ከሁሉም አንዷ ነኝ። በር ዘግቼ ውጭ ቀረሁ። እዚህ ቤት ደግሞ ተጣርቶ፣ ድምፅ አሳውቆ መግባት የለም።

መውጫውን አውቀው ነበር፤ ይኼ ነው ያንገበገበኝ። የከለከልኩበትን ትእዛዝ ገና አላስቀመጥኩትም። ራውተሩ አንድ ጊዜ ጠፍቶ ቢበራ ያልተቀመጠውን ይረሳል፤ የተቀመጠውን ይዞ ይነሣል። ገመዱ ከመስታወቱ በስተጀርባ ይታየኛል። ብጠይቅ ወደቅሁ። ብወጣ ወደቅሁ። ዝም ብዬ ብቀመጥም ሰዓቱ ያልቃል። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ጣቶች እንደ በቆሎ ቆሎ ይንጣጣሉ። እኔ የምሠራ ለመምሰል እጄን ገበታው ላይ አኖርኩ። «እመቤቴ» አልኩ በልቤ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

መብራት ጠፋ።

«ኧረ በጌታ! ምንም አላስቀመጥኩም!» አለ ከኋላዬ አንዱ። ሌላው ራሱን ያዘ። «ማንም እንዳይነሣ» አሉ መዛኙ። ማራገቢያዎቹ ዝም ሲሉ ከውጭ ድምፅ መጣ። የልጄ ለቅሶ ነው። እናት አትሳሳትም። ከእሱ በላይ ደግሞ የእማማ ድምፅ ከዘበኛው ጋር ይጨቃጨቃል። የመስኮቱን ብረት አየሁት። ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም።

ጄኔሬተሩ ተነሣ። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ነቁ። ራውተሩን ጠራሁት፤ መለሰልኝ። ቢሮዎቹ ተገናኝተው እንዳስቀመጥኳቸው አሉ። ክልከላዬ የለም። አሁን የሚያልፉትን አስቀድሜ ጻፍኩ፤ መጨረሻ ላይ ዘጋሁ። ሞከርኩት። ሠራ። አስቀመጥኩት።

መዛኙ ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ቅድም ተዘግቶብዎት ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«መብራቱ ባይጠፋስ?»

«መድኃኒቱ አጥፍቶ ማብራት ነው። ያልተቀመጠውን ይረሳል።»

«ቁልፉ ግን እኔ ጋ ነበር።»

«ለዚያ ነው የጨነቀኝ።»

ብዕራቸውን አነሡ። «ትእዛዙን ለምን ገለበጡት?»

«በቤታችን መጀመሪያ በር ይዘጋል» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ጻፉ። የጻፉትን አላየሁም።

በሩ ላይ እማማ ፊታቸው ቀልቷል።

«ይኼ ዘበኛ አላስገባም አለኝ! እኔ ነኝ እያልኩት!»

«እኔ ማን አሉት እማማ?»

«እኔ ነኛ!» አሉ። ከዚያ ነገሩ ገባቸውና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ዘበኛው ራሱ በሩ አጠገብ ያለውን መቀመጫ ድንጋይ ጠረገልኝ። ተቀምጬ አጠባኋት። ስትጠባም እየተንሰቀሰቀች ነበር።

ውጤቱ እስኪለጠፍ ድረስ ሻንጣ እያየሁ ከረምኩ። «ብቁ» ይል ነበር። ከስሜ ጎን መሆኑን ደጋግሜ አየሁ። ያን ቀን ልጆቹ መብራት ኃይልን ሲረግሙ፣ ባርኬው የወጣሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አምላኬ ተመስገን። ብልሃቴ አልነበረም።

ዛሬም የምሠራው ብረት ባለው መስኮት ሥር ነው። የሳጥኑ ቁልፍ ግን አሁን እኔ ጋ ነው። ባለቤቴ ቅዳሜ ከበዴሳ ይመጣል፤ ልጆቼ ማታ ማታ ከእኔ ጋር ናቸው።

አንድ ምሽት «እማማ፣ የሚገባው ሁሉ ከገባ በኋላ ብንዘጋስ?» አልኳቸው።

«ተምረሽ መጣሽና የገዛ በሬን ልታስተምሪኝ ነው?» አሉ።

አሁንም መጀመሪያ ይዘጋሉ። እኔም ጀንበር ሳትጠልቅ እየዞርኩ ልጆቼን እሰበስባለሁ።