የአንትሮሽት ቀን መጥረጊያ

ባለፈው እሁድ ልጄ የእናቶች ቀን ነው ብላ ከሃያ ሁለት ሰፈር ኬክ ገዝታ መጣችና፣ የያዝኩትን መጥረጊያ ነጥቃኝ «ዛሬ ሥራ የለም፣ ቁጭ በይ» ስትለኝ እጇን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት። ደስታ መስሏት አቀፈችኝ። የድሮ ፍርሃት ነበር።

የፈረንጅ በዓል ነው የሚሉ አሉ። እኛ ጉራጌዎች ግን ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው፣ አንትሮሽት የምንለው የእናቶች ቀን አለን፤ ያን ቀን ሴት ልጅ ቅቤና ጎመን፣ ወንድ ልጅ ሥጋ ያመጣል፣ አባት ወጥ ቤት ይገባል፣ እናት ግን ማማሰያ እንኳ አትነካም። ከኦሎምፒያ ወረድ ብሎ በነበረው ቤታችን አባቴ ነጠላ ወገቡ ላይ አስሮ ጎመኑን እባብ እንዳገኘ ሰው ሲጨፈጭፈው፣ እናቴ በርጩማዋ ላይ ሆና ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

በደርግ ጊዜ፣ ታላቅ ወንድሜ ሽፈራው እየታደነ ከቤት በጠፋበት ዓመት ግን ማንም አልሳቀም። የትም ይሁን የት ለአንትሮሽት ሥጋ ይዞ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ እንዳይመጣ ደግሞ ሁላችንም በየልባችን እንለምናለን። ረፋድ ላይ እሱን ፍለጋ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጡ፤ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ሳሎን ተቀመጡና ማንም እንዳይወጣ አሉ። አባቴ ሽንኩርት እየከተፈ ያለቅሳል፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ አላውቅም። እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የመንገዱን ጥግ አያለሁ።

እናቴ ድንገት ከበርጩማዋ ተነሳች።

«ልጄ፣ እንግዳ ተቀምጦ ደጄ ቆሽሾ ሲታይ ነውር ነው፤ ልጥረግ» አለችው አንደኛውን።

«ከበሩ እንዳይርቁ» አላት።

በአንትሮሽት ቀን መጥረጊያ ስትይዝ አይቻት አላውቅም። ንጹሑን ደጅ ደግማ ደጋግማ ስትጠርግ፣ ሽፈራው በኮባ የተጠቀለለ ሥጋ ብብቱ ስር ሸጉጦ ከጥጉ ብቅ አለ። እናቱ አጎንብሳ ስትጠርግ አይቶ ፊቱ ተለወጠ። እሷ ቀና አላለችም። መንገድ እንደተሳሳተ ሰው ዞሮ ሄደ፤ እኔ ስሙ ከአፌ እንዳያመልጥ ከንፈሬን ነክሼ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ አላየነውም። ደርግ እስካለ ድረስ እናቴ፣ ምናልባት ቢመጣ አይቶ እንዲመለስ ብላ፣ በየአንትሮሽቱ ደጅ ስትጠርግ ትውል ነበር። ደርግ በወደቀ ዓመት ግን በርጩማዋን ከአጥሩ ውጭ አስወጥታ፣ ካየ እንዲገባ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እስክትሞት በየዓመቱ እንዲሁ ተቀመጠች።

ያ ቤት ዛሬ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ ሽፈራው ቢመጣ እንኳ በሩን አያገኘውም። ቢሆንም ኬኩ ሳይቆረስ ልጄን «በሩን ክፈቺው» አልኳት፤ ክፍቱን ዋለ።