በደሴቱ ዳር ግማሽ ሰዓት

ለምትወዱት ሰው የጉዞ ዕቅድ አውጥታችሁ ታውቃላችሁ? ዛሬ እንጅባራ በማስተምርበት ክፍል፣ ተማሪዎቼን ወደ ጣና ደሴቶች ለመውሰድ ሰሌዳ ላይ ሰዓት ስደለድል "ግማሽ ሰዓት" ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የአባቴ ታላቅ እህት ከደሴቶቹ በአንዱ የመነኮሰ ልጃቸውን ለማየት አሰቡ። ወደዚያ ገዳም ሴት ስለማትገባ፣ ልጃቸው ወደ ውሃው ዳር ሲወርድ ጀልባው ላይ ሆነው ሊያዩት ነበር። አዲስ ጋቢ አሸምነውለታል፤ የጥጥ ሽታው ገና አልለቀቀውም። ዕቅዱን እንዳወጣ እኔን አዘዙኝ። ደብተሬን በማስመሪያ አስምሬ በኩራት አነበብኩላቸው፦ ሚኒባስ፣ ጀልባ፣ ደሴቱ ዳር ግማሽ ሰዓት፣ ባሕር ዳር ተመልሶ ምሳ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ወደ ቤት።

"አንተ ልጅ፣ ለምሳ አንድ ሰዓት ሰጥተህ ለልጄ ግማሽ?" አሉኝ እየሳቁ።

"ጀልባው ከዚያ በላይ አይጠብቅም፣ አክስቴ።"

"ጸሎት ላይ ቢሆንስ?"

"እንግዲያ ሳያዩት እንመለሳለን።"

ሳቃቸው ጠፋ። ጋቢውን በቀስታ አጠፉት።

"ደጁ ደርሼ ሳላየው ከምመለስ፣ እዚሁ ሆኜ ብናፍቀው ይሻለኛል። ጋቢውን ሰው ያድርስልኝ" አሉ።

አልሄዱም። በሁለተኛው ዓመት አረፉ። ምሳውን አሳጥሮ ጀልባውን ማቆየት እንደሚቻል እንኳ ያኔ አልታየኝም።

ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን እስካሁን አላጠፋሁትም። እናንተ ግን እባካችሁ፣ ለሰው ጉዞ ስታቅዱ ማንን ለማየት እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ ሰዓቱን ከዚያ በኋላ ጻፉ።