የፈቀደ ሌላኛው ዓይን

ጋሼ ይገዙ ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ ሠላሳ ዓመት የኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ግን የሚያሠራቸው ሰው እየጠፋ ሄዷል። በ1979 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ጎረቤታቸው ወይዘሮ አጸደ አንድ ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። ፎቶው ላይ ያለው ብሔራዊ ውትድርና ሄዶ እዚያው የቀረው ልጃቸው ፈቀደ ነው። ሌላ ፎቶ የለውም። በዚህኛውም ፌርማታ ላይ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ይስቃል።

«በዘይት ቀለም ይሳሉልኝ፤ ለሙት ዓመቱ ይድረስልኝ። መልኩ እየጠፋብኝ ነው» አሉ።

ጋሼ ይገዙ የዘይት ቀለም ነክተው አያውቁም። በዘይት ቀለም የሚሠራው የሰፈሩ ታፔላ ጻፊ ሽኩር ሊያስተምራቸው እሺ አለ።

«ጉንጩ ላይ ጥላ ያስገቡ፣ ጋሼ።»

«ልጁን ጥቀርሻ ልቀባው ነው?»

«ጥላ የሌለው ሰው አለ እንዴ? ደግሞ ለምን እንደ ፎቶው በጎን አይስሉትም?»

«አንድ ዓይን ብቻ ሰጥቼው? እኛ ዘንድ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣን ነው፤ ጌታን የገረፉት ናቸው። ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ ነው የሚያይህ።»

«እኛ ጋ ሁለቱም አይሳሉም፤ ተገላግለናል!» ብሎ ሽኩር ሳቀ።

ጋሼ ይገዙ ሸራው ላይ የፈቀደን ፊት ወደ ፊት አዙረው ሳሉት። ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም፤ ዛሬ ያቀኑት ነገ በእጃቸው ይበላሻል። አራት ጊዜ በቢላዋ ፍቀው እንደገና ጀመሩ። አራቱንም ጊዜ የመጣላቸው እጃቸው የለመደው ዓይን ነበር፤ ትልቅ፣ ክብ፣ የማይስቅ።

የሙት ዓመቱ ዋዜማ አጸደ መጥተው ሸራው ፊት ቆሙ።

«ሸሚዙ የሱ ነው» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ይሄ ግን መልአክ ነው፣ ጋሼ። የኔ ልጅ አይደለም።»

«እንግዲያው ይንገሩኝ፤ ዓይኑ እንዴት ነበር? ቀለሙ እርጥብ ነው፤ አሁኑኑ አቀናዋለሁ።»

«ሲስቅ... ትንሽ...» አጸደ ፎቶውን አንስተው ከአፍንጫው ወዲያ ያለውን ዓይን ሊያዩ እንደሚችሉ ሁሉ ዘንበል አደረጉት። «አላውቀውም» አሉ በመጨረሻ።

ጋሼ ይገዙ ብሩሹን አስቀምጠው ቢላዋውን አነሱ።

«በጎን ልሳለው?» አሉ ቀስ ብለው።

«በጎኑማ አለኝ።»

አጸደ ፎቶውን ብቻ በመሐረባቸው ጠቅልለው ወጡ።