የሰደብኳቸው ሰዎች ትከሻ

ይህ የደረሰብኝ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በወርኃ ጥር ነው። ሰው "ያቺን የውሃዋን ዘፈን በይልን" ባለኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ልርሳው ብልም አልቻልኩም።

እኔና ባለቤቴ ቤታችን ሰቆጣ ነው፤ እንጀራችን ግን መንገድ ላይ ነው። እሱ መሰንቆ ይመታል፣ እኔ እገጥማለሁ፣ እዘፍናለሁ። ዝቋላ ተወለድኩ፣ ኒሯቅ አደግኩ፣ ጋዝጊብላ ተዳርኩ። የኖርኩበት አገር ሁሉ ዘፈኔ ውስጥ አለ፤ ያስከፋኝም ጭምር።

ካስከፉኝ አንዷ ዝቋላ መንገድ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ በዘፈን የጠራሁት ይበቃታል። በአንድ የድርቅ ዓመት በዚያ ስናልፍ ከአንዲት ሴት ውሃ ለምኜ ተከለከልኩ። ብሽቅ ብዬ እየሄድኩ ገጠምኩ፦

ውሃ ስለምናት ሰማይ ታሳያለች፤
እንግዳን በጥማት ደጅ ታሳድራለች።

ከዚያ ቀጥሎ የመንደሯ ስም ይመጣል። ሰው ወደደው። በየሰርጉ እሱን ሳልዘፍን አልለቀቅም ነበር።

ታዲያ በዚያ ጥር ከሰርግ ስንመለስ ባለቤቴን ወባ ጣለው። ጠዋት ብርድ ብርድ አለኝ ሲል ቆየና፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ዳገቱ ሥር ተዘረረ። ብጠራው አይመልስም። ስልክ አይሠራ፣ መኪና አያልፍ። ቅርብ ያለችው ያቺው መንደር ናት።

መሰንቆውን ቁጥቋጦ ውስጥ ደበቅኩት። ካወቁን አይረዱንም ብዬ ነው። ከዚያ "የሰው ያለህ! ድረሱልኝ!" እያልኩ ጮህኩ።

መጀመሪያ የደረሱት አንዲት አሮጊት ናቸው፤ በጣሳ ውሃ ይዘዋል። ሳያቸው ያኔ የከለከሉኝ ሴት ራሳቸው ናቸው። አንገቴን ደፋሁ። የባለቤቴን ከንፈር አረጠቡ፣ አናቱ ላይ አፈሰሱለት፣ የተረፈውን ለእኔ ዘረጉልኝ። እጄን መዘርጋት አቃተኝ።

"ጠጪ እንጂ! ደግሞ ከለከሉኝ ብለሽ ልትዘፍኚብን ነው?" አሉኝ።

ከኋላቸው የመጡት ወንዶች ሳቁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"እንዴት አወቁኝ፣ እናቴ?"

"በድምፅሽ ነዋ። አንቺ ስትጮሂም ዜማ አለው።" ጣሳውን እጄ ላይ አስይዘውኝ፣ "ደግሞ አልዋሸሽም፤ ከልክዬሻለሁ። የነበረኝ አንድ ጀሪካን ነበር" አሉ።

ቃሬዛ መጣ። አንዱ ጎልማሳ "መሰንቆውንስ የት ጣላችሁት?" ብሎ ጠየቀኝ። በጣቴ አሳየሁት። አምጥቶ ከባለቤቴ ጎን አስተኛው።

ጤና ጣቢያው ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። አራት አራት እየሆኑ እየተፈራረቁ ተሸከሙት። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሲከብዳቸው አንዱ ዘፈን አወጣ፣ ሌሎቹ ተቀበሉት። ምን ቢዘፍኑ ጥሩ ነው? የእኔኑ ዘፈን! የመንደራቸው ስም ጋ ሲደርሱ ጭራሽ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

"ምነው ዝም አልሽ? ተቀበዪ እንጂ! መስደብሽ አንሶ በነፃ ልታዘፍኚን ነው?" አለኝ ከፊት የያዘው።

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ከኋላ ከኋላ ተከተልኳቸው። ያ ዘፈን ለሸክም እንዲህ እንደሚመች አላውቅም ነበር።

ሐኪሙ "ትንሽ ብትዘገዩ አይተርፍም ነበር" አለኝ። ላመሰግናቸው ብዬ ስወጣ ባዶ ቃሬዛቸውን ይዘው ሄደዋል። ከብት የሚገባበት ሰዓት ደርሶባቸው ነው አሉኝ ደጁ ላይ የነበሩ ሰዎች። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

ባለቤቴ ዳነ፤ እንደ ድሮው ግን ሩቅ አይሄድም። እኔም ደክሞኛል። ያቺን ዘፈን ሰው ሲያዘኝ አሁንም እዘፍናታለሁ፤ እንጀራ ናትና። እየዘፈንኩ ግን ዓይኔን የማሳርፍበት ይጠፋኛል።

ስለ ትከሻቸው ሌላ ልገጥም ስንት ጊዜ ሞከርኩ። ቤት የሚመታ ቃል አላጣሁም፤ አፌ ላይ ሲመጣ ግን ለራሴው ውሸት ይመስለኛል። ክፉውን በአንድ ቀን መንገድ ጨርሼዋለሁ፤ ደጉ ሦስት ዓመት ሙሉ እምቢ አለኝ። በዜማ ቢያቅተኝ እንዲህ በወሬ ጻፍኩት።